ዝም ስላልናቸው አይረሱም

ሰሞኑን በመምህራን የቴሌግራም ቡድኖች ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ሞት፣ አደጋ፣ ተኩስ ወይም መፈናቀል ተማሪዎችን ሲነካ መምህሩ ነገሩን ሳያነሳ ትምህርቱን ይቀጥል ይላል። ጸሐፊው ለልጆቹ አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል፤ ብዙ መምህራንም «ልክ ነው» እያሉ አጋርተውታል። ስለዚህ በጥቅሉ ከመቃወም እያንዳንዱን ነጥብ ማየት ይሻላል።

የሚሉት ይህንን ነው። ልጅ ቶሎ ይረሳል፤ ማንሳት የደረቀ ቁስል መነካካት ነው። መምህር የሥነ ልቦና ባለሙያ ስላልሆነ አንዲት የተሳሳተች ቃል ልጁን ትጎዳዋለች። ባህላችንም መርዶን ማዘግየትና መደበቅ ያውቅበታል። ማጽናናት የቤተሰብና የሃይማኖት አባቶች ድርሻ ነው። ስለ ግጭት ማውራት ክፍሉን የፖለቲካ መድረክ፣ መምህሩንም ተጠርጣሪ ያደርጋል። 70 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይህ አይሞከርም፤ የግድ ከሆነ ባለሙያ አንድ ቀን ይጋበዝና ተማሪው ሁሉ አዳራሽ ገብቶ የሆዱን ይናገር።

«ልጅ ይረሳል» ከሁሉ የተለመደው አባባል ስለሆነ ከሱ እንነሳ። ባሕር ዳር ላይ ለሚያስተምር ሰው ይህ የወረቀት ክርክር አይደለም። ሰኔ 15 ቀን 2011 ከተማዋ ውስጥ ተኩስ ነበር። በኅዳር 2013 ወደ አየር ማረፊያው ሮኬት ተተኮሰ። በነሐሴ 2015 ውጊያው ከተማ ድረስ ገባ። በ2011 አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሳያቋርጥ ቢማር በ2017 ሰባተኛ ክፍል ደርሷል፤ በመሃሉም በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበታል። ይህን ልጅ «ረስቷል» የምንለው ስላልጠየቀን ነው። እሱ ደግሞ ያልጠየቀን እንደማንመልስለት ስላወቀ ነው።

የረሳ የሚመስለውን ልጅ ቀረብ ብሎ ያየ ሌላ ነገር ያያል። የአፀደ ሕፃናቱ ልጅ በዕረፍት ሰዓት ቀብር ይጫወታል፤ ጓደኛውን አጋድሞ አፈር ይበትንበታል። ሽንቱን መቆጣጠር ከጀመረ ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ ሌሊት ፍራሹን ያረጥባል። የሦስተኛ ክፍሏ ልጅ በየቀኑ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ሆዷን ያማታል፤ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ምንም አይገኝባትም፤ ሕመሙ ግን ውሸት አይደለም። ነፋስ በሩን ሲዘጋው ወይም በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከወንበሩ ዘሎ የሚነሳ አለ። የዘጠነኛ ክፍሉ ጎረምሳ «ምን አገባኝ» እያለ ይስቃል፣ ይደባደባል፣ ሌሊት ስላልተኛ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ በሥነ ምግባር ጉድለት ወላጅ አምጣ የሚባለው ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። አብዛኞቹ ልጆች ያለ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ይረጋጋሉ። የሚያረጋጋቸው ግን የተለመደው የትምህርት ፕሮግራም፣ የሚያምኑት ትልቅ ሰውና እውነተኛ መረጃ እንጂ ዝምታ አይደለም። ሌላም እውነት አላቸው፦ ልጅን ያየውን እንዲተርክ ማስገደድ ይጎዳዋል። «ያየ እጁን ያውጣ» የሚል መምህር ዝም ካለው መምህር ይብሳል። ግን አለማስገደድ አንድ ነገር ነው፤ ማንም እንዳይተነፍስ ማድረግ ሌላ።

«መምህር የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለም» ለሚለው አጭር መልስ አለ፦ አይደለም፤ እንዲሆንም የጠየቀው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ከአጋሮቹ ጋር ያሳተመው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ባለሙያ ላልሆኑ ሰዎች ጭምር የተዘጋጀ ነው። ዋናው ሦስት ቃል ነው፦ ተመልከት፣ አድምጥ፣ አገናኝ። እግሩ የተሰበረን ልጅ መምህሩ አይጠግነውም፤ ግን «እግርህን እርሳው» ብሎ ወደ ሜዳ አይመልሰውም።

የተሳሳተ ቃል ይጎዳል ማለታቸው ግን ትክክል ነው። መድኃኒቱ ቃሉን አስቀድሞ መምረጥ ነው። በዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ወጥመድ አለው። ለትልቅ ሰው «ዐረፈ»፣ «ተለየን»፣ «አንቀላፋ» ማለት ጨዋነት ነው። ከ5 እስከ 7 ዓመት ያለ ልጅ ግን ሞት የማይመለስ መሆኑን ገና እየተረዳ ስለሆነ ቃሉን እንዳለ ይወስደዋል። «ተኛ» ያልነው ልጅ ማታ መተኛት ይፈራል። «እግዜር ስለወደደው ወሰደው» ያልናት ልጅ እሷንም እንዳይወዳት ትሰጋለች። ጣና ዳር ደግሞ አንድ የራሳችን አለን፦ «ውሃ ወሰደው» እንላለን። ትንሹ ልጅ «መቼ ይመልሰዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ስለዚህ ለትንንሽ ልጆች ቃሉ አንድ ነው፦ ሞተ።

እንበልና አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ቅዳሜ ዕለት ዓባይ ውስጥ ሰጠመ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ኃላፊው መምህር ክፍል ገብቶ የሚለው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፦ «ልጆች፣ የሚያሳዝን ነገር ልነግራችሁ ነው። ጓደኛችሁ እገሌ ቅዳሜ ዕለት ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። ሞተ ማለት ሰውነቱ መሥራት አቆመ ማለት ነው፤ አይተነፍስም፣ አያመውም፣ ተመልሶም አይመጣም። የሞተው ማናችሁም ባሰባችሁት ወይም በተናገራችሁት ነገር አይደለም። ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ፤ ያላለቀሰም ጓደኛውን አልወደደም ማለት አይደለም። ጥያቄ ካላችሁ የማውቀውን እመልሳለሁ።»

«ባሰባችሁት ወይም በተናገራችሁት አይደለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ተጨማሪ ቢመስልም ፈጽሞ መቅረት የሌለበት እሱ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ዓርብ ዕለት ኳስ ነጥቆት «ሙት!» ያለው ጓደኛው ሲሞት የገደለው እሱ እንደሆነ ሊያምን ይችላል፤ ለማንም ግን ላይናገር ይችላል።

ከዚህ በኋላ መምህሩ ዝም ብሎ በልቡ እስከ አስር ይቁጠር። ብዙ መምህራን የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ዝምታው ሲከብዳቸው ተረት፣ ምክርና ስብከት ያከታትላሉ። ጥያቄ ይመጣል፦ አውሬ በላው ወይ፣ አሞት ነበር ወይ፣ ልብሱ የት ነው? ልጆች ሞትን የሚጠይቁት በዝርዝሩ በኩል ስለሆነ ይህ ነውር አይደለም። የተረጋገጠውን ባጭሩ መመለስ፣ ያልተረጋገጠውን «አላውቅም፤ አጣርቼ ነገ እነግራችኋለሁ» ማለትና ነገ በእርግጥ መንገር ነው። «ነፍሱ የት ሄደች?» ለሚል፣ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አንድ ዴስክ ላይ በተቀመጡበት ክፍል፣ «ይህንን እናትና አባታችሁን ጠይቁ» ቢባል በቂ ነው። ሁሉም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ከዚያ ወደ ትምህርት፤ ግን አዲስ ምዕራፍ አይጀመር፣ ፈተናም አይሰጥ። ትንንሾቹ ሥዕል ይሣሉ፤ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ፣ ፎቶ ተነስቶም ቴሌግራም ላይ አይውጣ።

ለዘጠነኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ንግግሩ አይረዝምም፤ አንድ ነገር ብቻ ይጨመርበታል፦ «ፎቶ ወይም ቪዲዮ የደረሳችሁ አታስተላልፉ። እናቱም ስልክ አላት።» ተማሪው ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ደግሞ እንዴት እንዳደረገው አይነገርም፣ አይወደስም፣ አይረገምም። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ አንድን ተማሪ ብቻውን መጠየቅ ሐሳቡን አያስይዘውም፤ ይህ ፍርሃት በጥናት የተመለሰ ነው።

ይህ ሁሉ እንዲሆን የዚያን ሰኞ ሰልፍ ከመጀመሩ በፊት የ15 ደቂቃ የመምህራን ስብሰባ ያስፈልጋል። ርዕሰ መምህሩ ከቤተሰቡ አረጋግጦ፣ ምን ቢነገር እንደሚፈቅዱ ጠይቆ፣ ሁሉም የሚያነበውን አንድ አጭር ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። የሟቹ ወንድምና እህት፣ አብሮት ዴስክ የሚጋራውና አብሮት ውሃ የወረደው ልጅ ቀድመው ለብቻቸው፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ባሉበት ይነገራቸዋል። ለሌሎቹ በየክፍላቸው፣ በአንድ ሰዓት፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ። በሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ ወይም በዕረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ዋሽንት ታጅቦ መንገር ራሱ ይጎዳል፤ አንድ ሺህ ልጅ በአንዴ ሲጮህ ማን የቱን ልጅ ያያል? የኅሊና ጸሎቱ ለማክሰኞ ሰልፍ ይቆይ። ክፍል ኃላፊው ራሱ ሐዘኑ ከብዶት ከሆነ ሌላ መምህር ከኋላ ይቁምለት። መምህር ቢያለቅስ ልጆች አይጎዱም፤ መቀጠል ሲያቅተው የሚተካው ሰው ከሌለ ግን ይፈራሉ።

ጽሑፉ ያላሰበው ደግሞ ዝም ያለ ትምህርት ቤት ራሱ ሳያውቅ መናገሩን ነው። መምህሩ ስም ሲጠራ የሟቹን ስም ይጠራል። የክፍል ኃላፊው አውቆ ቢዘልለው የሂሳቡ መምህር ሳይሰማ ይጠራዋል፤ ሐሙስ ዕለት ስፖርት ለማስተማር የመጣውም እንዲሁ። ከኋላ አንድ ልጅ «የለም» ይላል፣ ሌላው ይስቃል፣ ሦስተኛው ያለቅሳል። ስለዚህ በዚያው ሰኞ ጠዋት በሁሉም መምህራን የስም መጥሪያ ላይ ስሙ እንዳይጠራ ምልክት ይደረግበት። ለእርማት የተሰበሰበው ደብተሩ ከሌሎቹ ጋር አይታደል፤ ወጥቶ በርዕሰ መምህሩ በኩል ለቤተሰቡ ይድረስ። ዴስኩን በማግስቱ ማንሳት ልጁን እንደ መሰረዝ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ባዶ መተውም ክፍሉን መቃብር ያደርገዋል። አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ተነጋግሮ የአቀማመጥ ቦታ መቀየር ይቻላል።

ወደ ባህሉ እንምጣ። ጸሐፊው መርዶን ለዝምታ ምስክር ጠርተውታል። እኔ ግን ምስክሩ የኛ ወገን ይመስለኛል። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ፣ የሚናገረው ሰው ተመርጦ፣ ሲነጋጋ ቤቱ ተሄዶ ይነገራል። ከዚያም ማንም ጥሎ አይሄድም፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ እድሩ ይመጣል። የተረጋገጠ ወሬ፣ የተመረጠ ተናጋሪ፣ ብቻውን ያልተተወ አድማጭ፤ ለክፍል ውስጥም የምንለው ይህንኑ ነው። መዘግየቱ አንድ ሌሊት ነው እንጂ ለዘለዓለም አይደለም። የባህላችን ጉድለት ልጅን ከዚህ ሥርዓት ማስወጣቱ ነው፤ «ልጅ ነው፣ አያውቅም» ብለን ጎረቤት ቤት እንልከዋለን፣ አባቱን «ሥራ ሄዷል» እንለዋለን።

በፈተና ሰሞን የሚደረገው መደበቅ ይለያል፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ብዙም አልጣላም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ሳለ ቤተሰቡ መርዶው ሦስት አራት ቀን ይቆይ ካለ ውሳኔው የቤተሰቡ ነው፤ መምህር ቀድሞ አያፈነዳውም። ግን መምህሩ አይዋሽም። ተማሪው «እቤት ምን ሆነዋል?» ብሎ ፊት ለፊት ከጠየቀ «ሁሉም ደህና ናቸው» አይባልም። «ከቤተሰብህ ጋር የምትነጋገርበትን መንገድ አመቻችልሃለሁ» ይባላል። በኋላ ሁሉም ያውቅ እንደነበረ ሲሰማ፣ የሚያምነው አንድ ሰው እንኳ ሊተርፈው ይገባል።

የቤተሰብና የሃይማኖት አባቶች ድርሻ የሚለውን አልቃወምም። የንስሐ አባት፣ ሼሁ፣ የእድሩ ሰዎች የሚሠሩትን መምህር አይተካውም። ግን ባሕር ዳር ውስጥ ስንቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው ከገጠር መጥቶ አንዲት ክፍል ለሁለት ለሦስት ተከራይቶ፣ ከቤቱ በተላከ ስንቅ የሚኖረው? ማታ በሩን ሲዘጋ አባትም እናትም የለም፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ስንቁም ወሬውም ይቋረጥበታል። በሰው ቤት እየሠራች ማታ የምትማረዋስ? ለነዚህ ልጆች በየቀኑ ስማቸውን የሚጠራ ትልቅ ሰው መምህሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወላጅ ያላቸውም ቢሆኑ፣ ያው ቤተሰብ ራሱ በሐዘን የወደቀ ነው። ትምህርት ቤቱ የነገረውን በዚያኑ ቀን ለወላጅ ቢያሳውቅ፣ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩልም ይሁን በአጭር የስልክ መልእክት፣ ልጁ በሁለት ወሬ መሃል አይንገዋለልም።

ፖለቲካውን በተመለከተ ጸሐፊው የፈሩት ነገር እውነተኛ ነው። መምህራን በቃላቸው የተጠየቁበት አገር ላይ ነን፤ «ድፈሩ» ብሎ መጻፍ ለጸሐፊ ቀላል ነው። ነገር ግን ዝምታ ፖለቲካን ከክፍሉ አያስወጣም። መምህሩ ያልሞላውን ቦታ ስልክ ይሞላዋል። መምህሩ ማለት ያለበት ደግሞ ማን ምን አደረገ የሚለውን አይደለም። ልጆቹ ማወቅ የሚፈልጉት ዛሬ ትምህርት ቤቱ ሰላም ነው ወይ፣ ተኩስ ቢሰማ ምን እናደርጋለን፣ ወደ ቤት እንዴት እንሄዳለን የሚለውን ነው። መልሱም የሚለማመዱት ነገር ነው፦ ከመስኮት መራቅ፣ መሬት ላይ ዝቅ ማለት፣ መምህሩ ሳይል አለመውጣት፣ መሬት ላይ የወደቀ ጥይትና እንግዳ ብረት አለመንካት። «ጥፋቱ የማን ነው?» ሲባል፦ «ይህን ዛሬ እዚህ አንፈርድም። በዚህ ክፍል ውስጥም ማንም ልጅ ስለ ዘመዱ ወይም ስለመጣበት ቦታ መልስ አይጠየቅም።» የተፈናቃይ ልጅ፣ የወታደር ልጅና የጠፋ ወንድም ያለው ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ሊቀመጡ እንደሚችሉ አስቦ መናገር ነው። ማን ምን እንዳለ በስም መመዝገብ አያስፈልግም፤ ወረቀቱ ነገ የማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

70 ተማሪ ይዞ አይቻልም ላሉት፦ እያንዳንዱን ማናገር አይቻልም፤ አያስፈልግምም። አንድ ካርቶን በር አጠገብ ይቀመጥ፤ ሁሉም ተማሪ፣ ጥያቄ የሌለውም ጭምር፣ የደብተር ሩብ ቅጠል ላይ ያለ ስም ጽፎ ይክተት። ሁሉም የሚጽፈው የጠየቀው ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ነው። መምህሩ በዕረፍት ሰዓት አንብቦ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ይሰብስብና በማግስቱ አምስት ስድስቱን በ10 ደቂቃ ይመልስ። ቃል በቃል አያንብብ፤ ልጆች የጓደኛቸውን አነጋገር ያውቃሉ። ወረቀቱ ከዚያ ይቀደድ። አንድ ነገር ግን ቀድሞ ይነገር፦ «ራሱን መጉዳት ያሰበ ወይም ቤት ውስጥ የሚጎዳው ሰው ያለ ልጅ ስሙን ቢጽፍ ዛሬውኑ ለብቻው አነጋግረዋለሁ።»

«አንድ ቀን ባለሙያ መጥቶ ሁሉም ይተንፍስ» የሚለው የመጨረሻ ሐሳባቸው ከሁሉም ያሳስበኛል፤ ደግ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያደርገዋልና። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ተሞክሯል። ከአደጋ በኋላ ሰውን አንድ ጊዜ ብቻ አናግሮ የደረሰበትን በዝርዝር ማስተረክ ከድኅረ አደጋ ጭንቀት እንደማያድን ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ አሳይቷል፤ ጉዳት የታየበትም አለ። አዳራሽ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ስጋቱ ግልጽ ነው። ምንም ያላየው ልጅ ሌላው ያየውን ሰምቶ ይወጣል፤ ያየውም ተነካክቶ ማታ ለብቻው ይቀራል፤ ባለሙያው ደግሞ ነገ የለም። ባለሙያ የሚያስፈልገው በኋላ፣ ለጥቂቶች ነው። ከአንድ ወር በኋላም ያልተሻላቸው፣ መብላትና መተኛት ያቃታቸው፣ ከትምህርት የቀሩ፤ መሞት እፈልጋለሁ ያለ ግን ያኑ ዕለት። ለነሱ በወላጅ በኩል የፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እነማን እንደሆኑ የሚለየው ደግሞ በየቀኑ የሚያያቸው መምህር ነው።

አንድ ቀን በካላንደር ላይ ይጻፍ፦ ዐርባው። በዚያ ሳምንት ተረጋግቶ የነበረው ክፍል እንደገና ይታወካል፤ ሆድ የሚያማቸው ልጆች ይበዛሉ። ተዝካሩ ላይ መገኘት የሚፈልጉ ይኖራሉ። ስንት ልጅ እንደሚሄድ፣ ከቤተሰቦቻቸው ማን እንደፈቀደ፣ ከመምህራን ማን እንደሚሸኛቸው፣ መንገዱም በውሃው ዳር ከሆነ በየት በኩል እንደሚዞሩ ከሦስት ቀን በፊት ይወሰን።